የቲማቲም ሥር ዝንጅብል ሲመስል፦ ኔማቶድን በተፈጥሮ ጠላቶቹና በአፈር አያያዝ መቀነስ

ቲማቲም ለቅሞ የጨረሰ ገበሬ አሮጌውን ግንድ ነቅሎ ማሳው ዳር ሲጥል ብዙ ጊዜ ሥሩን ዞር ብሎ አያየውም። ተክሉን ያደከመው ምን እንደነበረ የሚናገረው ግን ሥሩ ነው። ጤነኛ የቲማቲም ሥር ቀጭን፣ ነጣ ያለና ቅርንጫፉ የበዛ ነው። እዚህም እዚያም ያበጠ፣ ሲብስም እባጩ ተያይዞ ዝንጅብል የመሰለ ከሆነ ማሳው ውስጥ የሥር እባጭ ኔማቶድ የተባለው በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ገብቷል።

በእኛ አገር ችግሩ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቃ፣ መቂና ባቱ አካባቢ ያለው የስምጥ ሸለቆ የመስኖ እርሻ ነው። ቀላል አሸዋማ አፈር፣ ሙቀት፣ የማይቋረጥ ውኃ፣ በየወቅቱ ቲማቲም ወይም ቃሪያ፤ ኔማቶድ ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ አይመርጥም። በአትክልት ማሳ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዝርያዎች ሜሎይዶጋይን ኢንኮግኒታ እና ሜሎይዶጋይን ጃቫኒካ ናቸው። ሁለቱም ሙቀት ይወዳሉ፤ የሚበሉት የሰብል ዓይነትም ብዙ ነው።

ነገሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «መድኃኒቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ዓለም የሰጠው መልስ አፈርን በመርዝ ማጠን ነበር። ዲቢሲፒ የተባለው ኬሚካል የሚያመርቱትን ወንዶች መካን ስላደረገ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ታገደ። ሜቲል ብሮማይድ ደግሞ የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታዳጊ አገሮች በ2015 ከተለመደ የእርሻ አገልግሎት ወጣ። እንዲህ ያለው መርዝ ሌላም ጣጣ አለው። ኔማቶዱን ሲገድል የኔማቶዱን ጠላቶችም አብሮ ይገድላል። ከታች ካለው አፈር ወይም ከጎረቤት ቦይ የሚመጡት ጥቂት ትሎች የሚያገኙት ተቀናቃኝ የሌለበት ሜዳ ነው።

ሕያው ቁጥጥር የምንለው በኔማቶድ ጠላቶች፣ በተክሎችና በአፈሩ በራሱ መጠቀምን ነው። አሠራሩ ከመርዝ ፈጽሞ ይለያል። አንድ ጠርሙስ ከሌላ ጠርሙስ ጋር እንደመለወጥ አድርጎ የሚጀምረው ሰው ሁልጊዜ ያዝናል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ትሉ ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትሉ የሚመታው መቼ ነው?

ከእንቁላል የሚፈለፈለው ትል ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ውፍረቱ ከፀጉር ያነሰ ነው፤ በዓይን አይታይም። አፉ ጥርስ የለውም፣ መርፌ እንጂ። ከተፈለፈለ በኋላ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ስስ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ሥር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ምንም አይበላም፤ ስንቁ ከእንቁላሉ ይዞት የወጣው ስብ ብቻ ነው። የሥሩን ጫፍ ካገኘ በስቶ ይገባና ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። በዙሪያው ያሉትን የሥር ሕዋሶች አሳብጦ መጋቢ ጓዳ ያደርጋቸዋል፤ እኛ የምናየው እባጭ የዚህ ውጤት ነው። እንስቷ ሎሚ መስላ ትወፍርና ወደ ሥሩ ገጽ በኩል ሙጫ በመሰለ ከረጢት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 እንቁላል ትጥላለች። ወንድ አያስፈልጋትም። አፈሩ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ እንቁላል 4 ሳምንት ያህል ይበቃል። ስለዚህ አንድ የቲማቲም ወቅት 3 ወይም 4 ትውልድ ያስተናግዳል።

እንግዲህ ትሉ ሥሩ ውስጥ ከገባ በኋላ ተክሉ ራሱ ግድግዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። ለአብዛኞቹ የተፈጥሮ ጠላቶቹ የሚጋለጠው በሁለት አጋጣሚ ብቻ ነው፦ እንቁላሉ በሥሩ ገጽ ላይ ሳለ እና የተፈለፈለው ትል ሥር ፍለጋ በአፈር ውስጥ ሲዋኝ። ከዚህ በታች የሚነሱት አብዛኞቹ ዘዴዎች ከእነዚህ አንዱን የሚመቱ ናቸው። ተክሉ መጠውለግ ከጀመረ በኋላ የሚፈስስ ሕያው ምርት ዋጋ የማይኖረውም ለዚህ ነው፤ ትሉ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል።

አንድ ስሌት ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። አንዲት እንስት 400 እንቁላል ጣለች እንበል፤ ከ100ው 5ቱ ብቻ ተሳክቶላቸው እናት ቢሆኑ 20 ይሆናሉ። 20ው በሁለተኛው ትውልድ 400፣ በሦስተኛው 8,000 ይሆናሉ። አሁን ደግሞ እንቁላሉን የሚበላ ሻጋታ ገብቶ በየትውልዱ ግማሹን ቢገድል ከአንዷ 10፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 1,000 ይሆናል። ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ ነው፤ ትምህርቱ ግን እውነት ነው። ግማሹን ብቻ የሚገድል ጠላት በወቅቱ መጨረሻ ቁጥሩን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል፤ ሆኖም 1,000ም ብዙ ነው። መነሻው አንድ ሳይሆን መቶ ከሆነ ሻጋታው ብቻውን አያድንም። ስለዚህ በመጀመሪያ መነሻውን ዝቅ ማድረግ፣ ቀጥሎ ጠላቱን ማስገባት ነው ቅደም ተከተሉ።

በቅድሚያ ኔማቶድ መሆኑን ማረጋገጥ

ከላይ የሚታየው ምልክት ያሳስታል። ውኃ ጠጥቶም እኩለ ቀን ላይ የሚጠወልግ፣ የሚቀጭጭ፣ ቅጠሉ የሚገረጣ ተክል የማዳበሪያ እጥረት ያለበት ይመስላል፤ ገበሬውም ዩሪያ ይጨምርለታል። ልዩነቱ አቀማመጡ ነው። ኔማቶድ ማሳውን እኩል አያጠቃም፤ እዚህ ክብ፣ እዚያ ክብ እያደረገ ወይም በቦዩ አቅጣጫ ይሄዳል። ጥርጣሬ ካለ ተክሉን በእጅ መጎተት ሳይሆን በአካፋ ከነአፈሩ ማውጣትና በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማጠብ ነው፤ ሲጎተት የተጠቁት ቀጭን ሥሮች ተቆርጠው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። የባቄላና የአተር ዘሮችን ሥር ያየ ሰው እዚያ ላይ ያሉትን ጠቃሚ ጉብታዎች ከዚህ ጋር እንዳያምታታ። ጠቃሚው ጉብታ በሥሩ ጎን ላይ የተለጠፈ ነው፣ በጣት ሲገፋ ይለቃል፣ ሲከፈት ውስጡ ሮዝ ነው። የኔማቶድ እባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ስለሆነ አይለቅም።

ገና ያልተተከለን ማሳ ለመፈተሽ ደግሞ ርካሽ መንገድ አለ። ከማሳው በዚግዛግ እየተሄደ ከ20 ያህል ቦታ፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር ይወሰዳል። ላዩ የደረቀው ይገለልና ይደባለቃል። 5 ወይም 6 ማሰሮ ወይም የተበሳ ቆርቆሮ ይሞላና ኔማቶድን የማይቋቋም የቲማቲም ዘር ወይም ችግኝ ይተከልበታል። ከ5 እስከ 6 ሳምንት ውኃ እየጠጣ ይቆይና ሥሩ ታጥቦ እባጩ ይቆጠራል። አፈሩ ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ከዋለ ትሎቹ ይሞቱና ፈተናው «ንጹሕ» ይላል፤ ብዙ የውሸት ውጤት የሚመጣው ከዚህ ነው። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው ሳይጠብቅ ማየት ይችላል። ወንፊት ላይ ሶፍት አንጥፎ 100 ግራም ያህል አፈር በስሱ ይበትናል፤ ወንፊቱን ሳህን ላይ አድርጎ ሶፍቱ እስኪርስ ውኃ ይሞላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሕያው ትሎች ወርደው ሳህኑ ውስጥ ይገኛሉ። እዚህ ላይ መደንገጥ አይገባም፤ ከሚዋኙት አብዛኞቹ ባክቴሪያና ሻጋታ እየበሉ ለአፈሩ የሚጠቅሙ ናቸው። ጠላቱን የሚለየው አፉ ውስጥ ያለው መርፌ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሌሎች ባለመርፌዎች መለየት የባለሙያ ሥራ ነው።

አፈር ውስጥ ያሉት ጠላቶች

ኔማቶድን በወጥመድ ይዘው የሚበሉ ሻጋታዎች አሉ ሲባል ተረት ይመስላል። አርትሮቦትሪስ የሚባለው ወገን ክሮቹን እንደ መረብ ያያይዛል፤ መረቡ ሙጫ ስላለው የነካው ትል ይጣበቃል። ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ ደግሞ ሦስት ሕዋስ ያለው ቀለበት ይሠራል፤ ትሉ አንገቱን ሲያስገባ ሕዋሶቹ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ተነፍተው ያንቁታል። ማየቱ ያስደስታል፤ ለማሳ ግን እምብዛም አስተማማኝ አይደለም። ወጥመዱን የሚያበጀው ሲያሻው ነው፤ ብስባሽ ብቻ በልቶ መኖርም ይችላል።

ለገበሬ የሚረዱት እንቁላል በሎቹ ናቸው። ፑርፑሪዮሲሊየም ሊላሲነም (በድሮ ስሙ ፔሲሎማይሲስ) እና ፖቾኒያ ክላሚዶስፖሪያ በሥሩ ገጽ ላይ ያለውን የእንቁላል ከረጢት ወርረው የእንቁላሉን ቅርፊት በስተው ይገባሉ። የመጀመሪያው በብዙ አገሮች ታሽጎ ይሸጣል። ሁለተኛውን ኩባ በሩዝ ላይ እያራባች ለአትክልት አምራቾች አቅርባለች። ፓስቴውሪያ ፔኔትራንስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ ሌላ ጥበብ አለው። ስፖሩ (እንደ ዘር የሚያገለግለው ደቂቅ ሕዋስ) አፈር ውስጥ ተቀምጦ የሚዋኘው ትል እስኪነካው ይጠብቃል፤ ቆዳው ላይ ተለጥፎ አብሮት ሥር ውስጥ ይገባል። እንስቷ ስታድግ ሆዷ በእንቁላል ፈንታ እስከ 2 ሚሊዮን በሚደርስ ስፖር ይሞላል። ስፖሩ ድርቀትን ችሎ ለዓመታት ይቆያል። ድክመቱ በርካሽ ማራባት አስቸጋሪ መሆኑና መራጭነቱ ነው፤ በአንድ ማሳ ትል ላይ የተለጠፈው በሌላ ማሳ ትል ላይ ላይለጠፍ ይችላል።

እነዚህ ጠላቶች ሳይገዙም ሊበዙ እንደሚችሉ የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ አለ። ስንዴና አጃ የሚያጠቃ ሌላ የኔማቶድ ዘር ባለበት ማሳ ላይ እህል በተከታታይ ሲዘራ ትሉ መጀመሪያ በዛ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በራሱ ቀነሰ። ምክንያቱ ሲፈተሽ በእንስቶቹና በእንቁላሎቹ ላይ ሁለት ሻጋታዎች ተስፋፍተው ተገኙ፤ አንዱ ያው ፖቾኒያ ነው። ይህ ሲባል ግን የቲማቲም ገበሬ እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት አይደለም። ቲማቲም እስከዚያ ድረስ የሚከፍለው ኪሳራ ከእህል ይከብዳል።

የታሸገ ምርት የሚጠቀም ሰው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ምርቱ ሕይወት ያለው ስለሆነ ከዘር እንጂ ከመርዝ ጋር አይመሳሰልም። ከሱቅ ሲገዛ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ በግራም ያለውን የስፖር ብዛት ማየት ያስፈልጋል፤ ብዛቱ ከምርት ምርት በሺህ እጥፍ ሊለያይ ስለሚችል የአንዱን መጠን ለሌላው መጠቀም ትርጉም የለውም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለወራት የቆየ ካርቶን ውስጥ ያለው ዱቄት ሞቶ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሕያው ፀረ ተባይም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት መመዝገብ አለበት፤ የምዝገባ ቁጥር የሌለውን አለመግዛት ነው።

ፑርፑሪዮሲሊየም በደንብ የሚሠራው አፈሩ ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ36 ዲግሪ በላይ አያድግም። የተለመደው አሰጣጥ ይህ ነው፦ ከመትከል 2 ሳምንት በፊት ለአፈሩ፣ ከመትከል አንድ ቀን በፊት በችግኙ ሥር፣ ከዚያ በየ6 ሳምንቱ። የ2 ሳምንቱ ልዩነት አፈር ውስጥ ያለውን አሮጌ እንቁላል እንዲበላ ጊዜ ለመስጠት ነው። ሲመሽ፣ እርጥብ አፈር ላይ ይፈስሳል፣ ወዲያው ቀለል ያለ ውኃ ይከተላል፤ ፀሐይ ስፖሩን ይገድላል፣ ደረቅ አፈር ደግሞ ላዩ ላይ ያስቀረዋል። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውኃ አይሆንም። ማንኮዜብ ወይም ካርቤንዳዚም በተቀመጠበት የጀርባ መርጫ ሳይታጠብ መጠቀም ሻጋታን በፀረ ሻጋታ መግደል ነው፤ ነገሩ ግልጽ ቢመስልም በጣም የተለመደው ስሕተት ይህ ነው። የሚቀላቅለው ሰው መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ። ይህ ሻጋታ ዓይንን ሊያጠቃ ይችላል፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰውም ባይነካው ይሻላል።

ዱቄቱን ብቻውን ከመበተን ይልቅ በበሰለ ኮምፖስት ወይም ፍግ ውስጥ አራብቶ ማስገባት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል። ለምሳሌ 2 ኪሎ ምርት ከ10 ኩንታል በደንብ ከበሰለ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ በጥላ ሥር፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ ግን ውኃ የማይንጠባጠብ ያህል እርጥበት ይዞ 15 ቀን ይቆያል፤ በየጊዜው ይገላበጣል። ፍጉ ጥሬ ከሆነ ግን ይግልና ሻጋታውን ይቀቅለዋል። እጅ ሲገባበት ሞቆ ከተሰማ ገና አልደረሰም።

ጎመን ዘር፣ ሰናፍጭና ፌጦ

ሰናፍጭ ያዘጋጀ ሰው ኬሚስትሪውን ያውቀዋል። ደረቁ ዱቄት ምንም አይሸትም። ለብ ያለ ውኃ ሲነካው ግን ትንሽ ቆይቶ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን የሚያስነባው ነገር ይነሳል። ዘሩ ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም አንድ ቅመምና አንድ ኢንዛይም፣ ሲፈጩና ውኃ ሲያገኙ ተገናኝተው የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራሉ። ያ ጋዝ ኔማቶድንም ይገድላል። የእኛው ጎመን ዘር ይህ ቅመም ስላለው ጣሊያኖች ዘይቱ የወጣለትን ፋጉሎ በኪኒን መልክ ጨምቀው ለአፈር ማጠኛ ገበያ ላይ አውለውታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ፋጉሎው ብዙ ጊዜ ለከብት ነው የሚሄደው።

መጠኑ በካሬ ሜትር 250 ግራም ያህል ነው፤ ለአንድ ጥማድ (2,500 ካሬ ሜትር) 6 ኩንታል ይጠጋል። ውድ ከመሰለ ለችግኝ መደቡና ችግኙ ለሚተከልበት መስመር ብቻ ማዋል ይቻላል። አንድ ወጥመድ አለ፤ ዘይቱ በከፍተኛ ሙቀት የወጣ ከሆነ ኢንዛይሙ ሞቷል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ እፍኝ ፋጉሎ በብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ በጥብጦ 10 ደቂቃ መክደንና ከዚያ ማሽተት። ሰናፍጭ ሰናፍጭ ካላለ ለማዳበሪያነት እንጂ ለኔማቶድ አይሆንም።

ፋጉሎ ከሌለ ጎመን ዘሩን ዘርቶ አበባ ሲያወጣ መቀጥቀጥም ይሠራል። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል እርጥብ አገዳና ቅጠል ያስፈልጋል። የሚሠራው ጋዙ ስለሆነ ፍጥነት ወሳኝ ነው። በደንብ ይከተከታል ወይም ይቀጠቀጣል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አፈር ውስጥ ይገባል፣ ወዲያው ውኃ ይጠጣል፣ ከተቻለ በላስቲክ ይሸፈናል። ጠዋት ቆርጦ ከሰዓት በኋላ ማረስ ጋዙን ለነፋስ መስጠት ነው። ደግሞም ይህ ተክል ሲያድግ ራሱ ለኔማቶዱ ምግብ መሆኑን መርሳት አይገባም። አፈሩ በሞቀበት ወር ተዘርቶ ሳይቀጠቀጥ ዘር እስኪሰጥ ከቆየ ትሉን ያራባል፤ ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለው ኅዳርና ታኅሣሥ መዝራቱ ይሻላል።

ጋዙ ትልና ችግኝ አይለይም። ከ2 እስከ 3 ሳምንት መቆየትና አፈሩን ቆፈር ቆፈር አድርጎ ማናፈስ ያስፈልጋል። ከመትከል በፊት ከማሳው እርጥብ አፈር ክዳን ባለው ጠርሙስ እስከ ግማሽ ሞልቶ ላዩ ላይ እርጥብ ጥጥ ማድረግና ጥጡ ላይ ፌጦ መበተን ነው፤ ሌላ ጠርሙስ ደግሞ ካልታከመ ቦታ በተወሰደ አፈር እንዲሁ ይዘጋጃል። ፌጦ በ2 ወይም 3 ቀን ይበቅላል። ሁለቱም እኩል ከበቀሉ ጋዙ አልቋል፤ የታከመው ከዘገየ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው።

ማሪጎልድ የሚባለው ቢጫና ብርቱካንማ አበባ በዚህ ጉዳይ ስሙ ከሁሉ በላይ ይነሳል፤ ከሁሉ በላይ በስሕተት የሚሠራበትም እሱ ነው። በቲማቲም መስመር መሐል ጣል ጣል ተደርጎ የተተከለ አበባ ቲማቲሙን አያድንም። የአበባው መርዝ የሚሠራው ትሉ የአበባውን ሥር በስቶ ሲገባ ነው፤ አጠገቡ የቲማቲም ሥር ካለ ትሉ እዚያ ይሄዳል። ስለዚህ ማሪጎልድ እንደ ሰብል ብቻውን፣ ጥቅጥቅ ብሎ (በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ያህል)፣ ከ2 እስከ 3 ወር መቆየት አለበት። በመሐሉ አውጥና አሉማ ከበቀሉ ትሉ በእነሱ ላይ ይተርፋል፤ አረም የበዛበት የማሪጎልድ ማሳ ድካሙ ከንቱ ነው።

ማስራብና ማሞቅ

ከሁሉ ርካሹ መሣሪያ ረሀብ ነው። የተፈለፈለው ትል ስንቁ ውስን ስለሆነ በሞቃትና እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር ካላገኘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዝላል። አፈሩ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ግን ትሉና እንቁላሉ ደንዝዘው ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ማሳን ዝም ብሎ ደረቅ መተው በቂ አይደለም። ከለቀማ በኋላ ሥሩን ነቅሎ ማረስ፣ አንዴ ውኃ አጠጥቶ እንዲፈለፈሉ ማድረግ፣ ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ የበቀለውን አረም ከነሥሩ እየገለበጡ ዳግም ማረስ፣ ይህንንም 2 ወይም 3 ጊዜ መደጋገም የተሻለ ይገድላል።

ሰብል ማፈራረቅም የማስራብ ዓይነት ነው፤ ግን ከምን ጋር? ክረምት ላይ በቆሎ ዘርቶ «አፈራርቄያለሁ» ማለት ያታልላል። ብዙ የበቆሎ ዝርያዎች እባጭ ሳያሳዩ ትሉን ያራባሉ። ቃሪያ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሐብሐብና ዱባም አይሆኑም። ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ በኦቾሎኒ ላይ በአብዛኛው አይባዙም፤ ኦቾሎኒን የሚያጠቃ ሌላ ዝርያ ስላለ ግን ማሳው ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ማስመርመር ይጠቅማል። ክሮታላሪያ ጁንሲያ የተባለው የአፈር ማዳበሪያ ተክልም ለትሉ መጥፎ ምግብ ነው፤ ናይትሮጅንም ይጨምራል።

የፀሐይን ሙቀት ለዚህ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቁት ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቻቸው እስራኤል ውስጥ ነው። አፈሩ ጓሉ ደቅቆ ይስተካከላል፣ እስከ 30 ሳንቲሜትር ድረስ ውኃ ይጠግባል፣ ነጭ (ብርሃን አሳላፊ) ስስ ላስቲክ ተወጥሮ ዳርና ዳሩ በአፈር ይቀበራል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። ጥቁር ላስቲክ ሙቀቱን ራሱ ስለሚይዝ አፈሩን ያን ያህል አያሞቀውም። ለስምጥ ሸለቆ መጋቢትና ሚያዝያ ተስማሚ ናቸው። ሙቀቱ የሚገድለው የላይኛውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ በትራክተር በጥልቀት ያረሰ ሰው ከታች የተረፉትን ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ላስቲኩ በፍየል ከተበሳ ቀዳዳው በዚያው ቀን ይለጠፍ፤ የሚያመልጠው እንፋሎት ሙቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ለመላው ማሳ ላስቲክ መግዛት ላያዋጣ ይችላል። ለችግኝ መደብ ግን ሁልጊዜ ያዋጣል። ለአንድ ሄክታር ቲማቲም የሚበቃ ችግኝ ከ200 እስከ 250 ካሬ ሜትር መደብ ላይ ይወጣል። ትሉ በራሱ አቅም በዓመት ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ኪሎሜትር የሚያጓጉዘው የተበከለ ችግኝ፣ ጭቃ የያዘ ጫማና ማረሻ፣ የቦይ ውኃ ነው። ሥሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል እባጭ ያለበትን ችግኝ መትከል ኔማቶድን በየ30 ሳንቲሜትሩ ቆጥሮ መዝራት ነው። ከደላላ ችግኝ የሚገዛ ሰው ከየሳጥኑ 5 ያህል ነቅሎ፣ ሥሩን አጥቦ ሳያይ ገንዘብ ባይሰጥ ይመረጣል።

የዶሮ ኩስም ይረዳል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው አሞኒያ ትሉን ይገድላል። የደረቀ ኩስ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 2 ኪሎ፣ ከመትከል ከ3 እስከ 4 ሳምንት በፊት ይገባል። ችግሩ ጨው ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈርና ውኃ በብዙ ቦታ ጨዋማ ስለሆነ በየወቅቱ መደጋገም ከኔማቶድ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

የሚቋቋም ዘር፣ ግን ከነገደቡ

አንዳንድ የቲማቲም ዝርያዎች ኤምአይ የተባለ ዘረመል አላቸው። ዘረመሉ ከአንድ የዱር የቲማቲም ዘመድ የተወሰደ ሲሆን፣ ማዳቀሉ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። በዘር ፓኬቱ ላይ ኤን (N) የሚል ፊደል ካለ ይህን ያመለክታል። ሮማ ቪኤፍ (VF) በተባለው የቲማቲም ዝርያ ስም ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት ግን ለሁለት የሻጋታ በሽታዎች ናቸው፤ ኔማቶድን አይመለከቱም። ዘረመሉ አፈሩ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ሥራውን ያቆማል። በባቱ የሚያዝያ ፀሐይ ባዶ አፈር ይህን በቀላሉ ስለሚያልፍ መደቡን በገለባ መሸፈንና የሚቋቋመውን ዘር ለቀዝቃዛው ወቅት ማቆየት ያስፈልጋል። ያለማቋረጥ እሱኑ መትከልም የሚያሸንፉትን ትሎች መርጦ ማራባት ነው።

የሠራ መሆኑን ለማወቅ ሁለት መስመር ምንም ሳይደረግላቸው ይተዉ። ይህን የሚያደርግ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ሁለት መስመር ማጣት ያስቆጫል። ያለ እነሱ ግን ዘንድሮ ምርቱ የተሻለው በሻጋታው ይሁን በዝናቡ የሚለይ የለም። በመጨረሻው ለቀማ ከታከመውም ካልታከመውም 10 10 ተክል በአካፋ ይወጣል፣ ሥሩ ይታጠባል፣ ነጥብ ይሰጠዋል፦ እባጭ ከሌለ 0፣ 1 ወይም 2 ካለ 1፣ ከ3 እስከ 10 ከሆነ 2፣ ከ11 እስከ 30 ከሆነ 3፣ ከ31 እስከ 100 ከሆነ 4፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 5። አማካዩ በማስታወሻ ደብተር ላይ ከማሳው ንድፍ ጋር ይጻፋል። አማካዩ 4 እና 5 በሆነበት ቦታ ላይ በሚቀጥለው ወቅት ምንም ዓይነት ሻጋታ ተገዝቶ ቢፈስስ ቲማቲም ባይተከል ይሻላል። የተቆጠሩት ሥሮች ደግሞ ፀሐይ ላይ ደርቀው ይቃጠሉ እንጂ ቦዩ ዳር አይጣሉ፤ የታችኛው ማሳ ባለቤት ውኃውን የሚጠልፈው ከዚያው ቦይ ነው።